«የግል» የሚባለው የመምህራን ድራይቭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ በስማችሁ ስትገቡ አንድ ተጨማሪ ድራይቭ ይመጣል። ብዙ ቦታ «ኤች» የሚል ፊደል ይሰጡታል። የፈተናው ረቂቅ፣ የውጤት ሰንጠረዡ፣ ለወላጅ የተጻፈው ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ነው። እኔ የምሠራው እንዲህ ዓይነት ኔትወርክ ላይ ነው። በየዓመቱ የሚመጡልኝ ጥያቄዎችም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው።

«ፋይሌ ጠፋ! ትናንት የነበረው ድራይቭ ዛሬ የለም»

አልጠፋም። ያ ፊደል ሰርቨር (የሁላችሁም ፋይል በኔትወርክ የሚቀመጥበት ማእከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ላለ ፎልደር የወጣ ቅጽል ስም ነው። እፊታችሁ ካለው ኮምፒውተር ጋር አይኖርም። ኮምፒውተሩ ከኔትወርኩ ሳይገናኝ ከገባችሁ ቅጽል ስሙ አይመጣም፤ ፎልደሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ገመዱን እዩት፣ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ፋይል ሰርቨር ላይ ነው ብሎ ማመን። አንዳንድ ትምህርት ቤት ዴስክቶፑንም ወደ ሰርቨር ያዞረዋል፣ አንዳንዱ አያዞርም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ በስማችሁ ግቡና ፈልጉት። እዚያ ካላገኛችሁት ምናልባት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ያ ኮምፒውተር ሲበላሽ አብሮ ይሄዳል።

«የግል ስለሆነ ከእኔ በቀር ማንም አይከፍተውም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «የግል» ማለት ከተማሪውና ከሥራ ባልደረባችሁ የተከለለ ማለት ነው። ከኔትወርኩ አስተዳዳሪ የተከለለ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ አስተዳዳሪው ፈቃድ ባይኖረው እንኳ የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ ራሱ አዙሮ መግባት ይችላል። ይህ የተንኮል ቀዳዳ አይደለም። መምህሩ ድንገት ቢታመምና የነገው ፈተና እዚያ ውስጥ ቢቀር መውጫ መንገድ ያስፈልጋል።

ጥያቄው፣ ማን አዘዘ? ለምን? የት ተመዘገበ? የሚለው ነው። ሰርቨሩ ማን የትኛውን ፋይል መቼ እንደከፈተ መመዝገብ ይችላል። ግን ለዚያ ፎልደር አስቀድሞ አንድ ሰው ምዝገባውን ማብራት አለበት፤ ካልበራ የሚጽፈው ነገር የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ብትጠይቁ ነውር የለውም። የሠራተኛ ፎልደር በማን ትእዛዝ እንደሚከፈት የተጻፈ ደንብ አለ ወይ? ምዝገባውስ በርቷል ወይ?

በነገራችን ላይ፣ የሰው ፎልደር ሲያገላብጥ የሚውል አስተዳዳሪ አላጋጠመኝም። ጊዜውም የለ፤ የትምህርት ዕቅድ ደግሞ ሲነበብ ልብ አያንጠለጥልም። ቢሆንም የባንክ ወረቀታችሁንና የሕክምና ውጤታችሁን እዚያ አታስቀምጡ። የግድ ከሆነባችሁ የወርድ ፋይሉን በፓስወርድ ቆልፉት። ፓስወርዱን ከረሳችሁት ግን እኔ ዘንድ አትምጡ፤ ልከፍትላችሁ አልችልም።

«ተማሪዎች እንዳያዩት ደብቀነዋል»

ዊንዶውስ ላይ የጋራ ፎልደር ስም መጨረሻው ላይ የዶላር ምልክት ከተጨመረበት ከዝርዝሩ ይሰወራል። ተሰወረ እንጂ አልተቆለፈም። አድራሻውን የሚያውቅ ተማሪ በእጁ ቢጽፈው፣ ፈቃዱ ልቅ ከሆነ ዘው ብሎ ይገባል። የሚከለክለው ፈቃዱ ብቻ ነው። እሱም ሁለት በር አለው። አንዱ በኔትወርክ በሚጋራው ፎልደር ላይ፣ ሌላው በራሱ በፋይሉ ላይ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ የዘወትር ንትርክ አለ። «ፈቃድ ተሰጥቶሃል ተባልኩ፣ አሁንም እምቢ ይለኛል።» ብዙ ጊዜ ማንም አልዋሸም። ፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለተጠቃሚዎች ቡድን ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የየትኛው ቡድን አባል እንደሆናችሁ የሚያየው ስትገቡ ነው። ጠዋት ገብታችሁ ከሰዓት ቡድኑ ውስጥ ብትጨመሩ ወሬው አልደረሰውም። ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ። ስልክ ከደወሉልኝ ውስጥ ስንቶቹን እንዲህ ብዬ እንደሸኘሁ አልቆጠርኩም።

«የሚያሰጋን ሀከር ነው»

እስካሁን ያየሁት ሀከር ሳይሆን ክፍት የተተወ ስክሪን ነው። መምህሩ ለሁለት ደቂቃ ወጣ ይላል፣ ተማሪው ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። ለሰርቨሩ ያ ተማሪ እናንተ ናችሁ። የዊንዶውስ ቁልፍንና «ኤል»ን አንድ ላይ መጫን ሰከንድ አይፈጅም። ውጤት እንዲያስገባላችሁ ለጓደኛ ፓስወርድ መስጠትም ያው ነው። አንድ ማርክ ተቀይሮ ቢገኝ መዝገቡ ላይ የሚወጣው የእናንተ ስም ነው፤ ያኔ «እኔ አይደለሁም» ማለት ፈተና ነው።

«ብሰርዘውም ሪሳይክል ቢን ውስጥ አገኘዋለሁ»

ከኔትወርክ ድራይቭ የተሰረዘ ፋይል በአብዛኛው እዚያ አይገባም፤ ወዲያው ይጠፋል። ሰርቨሩ በየጊዜው ቅጂ የሚያስቀር ከሆነ ግን ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ የቀድሞ ቅጂዎችን ማየት ትችላላችሁ። ካጣችሁት የዚያኑ ቀን ተናገሩ። አሮጌ ባክአፕ በአዲስ ስለሚተካ ከወር በኋላ መምጣት ዋጋ ያስከፍላል።

«ከቤት እንዳንገባ የሚከለክሉን ሊያስቸግሩን ነው»

ፋይል የሚጋራበትን መንገድ በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት ጉድ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ አገሮችን ያመሰው ዋናክራይ የተባለ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው በዚሁ በዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ቀዳዳ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ በቪፒኤን (ከቤት ወደ ትምህርት ቤቱ ኔትወርክ በሚያስገባው የተጠበቀ መንገድ) ግቡ የምንለው። መዘግየቱ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። አንዳንዱ ይሰለቸውና የክፍሉን ውጤት በሙሉ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ይሄዳል። ያ ፍላሽ መንገድ ላይ ከወደቀ ደግሞ ያነሳው ሰው ፓስወርድ አይጠየቅም።