መንግስት ቤትና መሬት ሲወስድ የሚከፈለው ካሳ፣ ከደርግ እስካሁን

በኛ ሀገር ካሳ ሲባል መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ለመሬቱ አለመከፈሉ ነው። መሬት የመንግስትና የህዝብ ስለሆነ ካሳው በዋናነት የሚታሰበው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው፣ ለቤቱ ለአጥሩ ለጉድጓዱ ለባህር ዛፉ ለቡናው፣ ብዙ ሰው ግምቱ ሲመጣ የሚደነግጠውም በዚ ነው፣ አጠገቡ ያለው ቦታ በሊዝ በሚሊዮን ሲሸጥ እያየ እሱ ግን የብሎኬትና የቆርቆሮ ዋጋ ይነገረዋል።

ነገሩ የጀመረው በ1967 ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ሌሎቹ ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። አዋጁ ለቦታው ካሳ የለም ቢልም ለትርፍ ቤቱ ግን ካሳ ይከፈላል ብሎ ነበር፣ ስንቱ ቤተሰብ ግን ያንን ካሳ ሳያይ ቀረ። የሚያንገበግበው ደሞ ደርግ ራሱ በ1985 እ.ኤ.አ. ንብረታቸው ለተወሰደባቸው አሜሪካኖች 7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱ ነው፣ የውጪ ዜጋ የራሱ ሀገር መንግስት ቆሞ ሲከራከርለት የኛ ሰው ማን ይቆምለት ነበር? ኢህአዴግ ከገባ በኋላ በአዋጅ 110/1987 የተመለሰ ንብረት አለ፣ ግን ያ ከአዋጅ ውጪ በጉልበት ለተወሰደ እንጂ በ47 ለተወረሰው አልነበረም።

ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ መንግስት ለህዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል ይላል። በአዋጅ 455/1997 ጊዜ በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ ካለፉት 5 አመታት አማካይ ያመት ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ካለፉት 3 አመታት ትልቁን ወስዶ በ15 ያባዛል፣ ምትክ መሬት ላላገኘ ማለት ነው። ለምሳሌ ትልቁ ያመት ገቢው 40,000 ብር ከሆነ 600,000 ይሆናል ማለት ነው፣ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል ግን ልጆቹ የሚያርሱት መሬት አብሮ ነው የሚሄደው። አዲሱ አዋጅ ከእድርና ከጎረቤት መለያየትንም፣ ማህበራዊ ትስስር መቋረጥ ብሎ፣ ካሳ ውስጥ አስገብቶታል፣ ይሄ በጣም ጥሩ ነው።

ገማቾቹ ሜትር ይዘው ሲመጡ ቤት ውስጥ ሰው ይኑር፣ እያንዳንዱ ዛፍና አጥር መመዝገቡን እዛው አብሮ ይቁጠር፣ ያልተጻፈ ንብረት ካሳ የለውም፣ ቅሬታ ያለውም በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው በጽሁፍ ያስገባ።