በኮድ ውስጥ ስለሚጻፍ የአማርኛ ማብራሪያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቸርችል ጎዳና አጠገብ በምንሠራበት ቢሮ አንድ የቆየ የደመወዝ ፕሮግራም ከሁለት ዓመት በኋላ ስንከፍት፣ በኮዱ መካከል በአማርኛ የጻፍናቸው ማብራሪያዎች ግማሾቹ እንግዳ የላቲን ምልክቶች፣ ግማሾቹ ደግሞ የጥያቄ ምልክቶች ሆነው አገኘናቸው። ያን ቀን የተሰጡት አስተያየቶች ዛሬም በየቢሮው ስለሚሰሙ አንድ በአንድ ላንሣቸው።

«አማርኛ ለኮድ አይሆንም» የሚለው ቀዳሚው ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት) ውስጥ ገብቷል፤ ፓይተን 3 የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ሌላ ካልተነገረው በቀር የኮድ ፋይልን በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም የዩኒኮድ ቁጥሮችን በፋይል ውስጥ በሚያስቀምጥ ስልት፣ ያነባል። ከጃቫ 18 በፊት የነበረው የጃቫ ቋንቋ ኮምፓይለር (ኮድን የሚተረጉም ፕሮግራም) ግን የኮምፒውተሩን ነባሪ ኢንኮዲንግ (ፊደልን በቁጥር የማስቀመጫ ስልት) ስለሚከተል፣ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው «ፎንት ስለጎደለ ነው፤ ፎንት ጫኑ» የሚል ነበር። ፎንት ሲጎድል ብዙውን ጊዜ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው፤ የእኛ ችግር ግን ሌላ ነበር። «ሰ» በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ 225፣ 136 እና 176 የተባሉ ሦስት ባይቶች (ፋይል የሚሠራባቸው ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች) ይሆናል። ፋይሉን በምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ የሚያነብ ኤዲተር (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ሦስቱን ለየብቻ ስለሚተረጉማቸው፣ በአንዲት «ሰ» ፋንታ ጭረት የተጫነበት የላቲን ፊደል፣ ትንሽ ቆብ መሰል ምልክትና የዲግሪ ምልክት ይደረድራል። ባይቶቹ ስላልተነኩ ምንም ሳያስቀምጡ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 እንደገና መክፈት ይበቃል፤ የእኛም ግማሽ የዳነው በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው «የጥያቄ ምልክቱም በዚሁ መንገድ ይመለሳል» የሚለው ተስፋ ነው። አይመለስም። አንድ ሰው ፋይሉን ግዕዝን በማያውቅ ኢንኮዲንግ ሲያስቀምጥ፣ ኤዲተሩ እያንዳንዱን ፊደል በ63 ቁጥር፣ ማለትም በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ «ሰ»ም ሆነ «ለ» እኩል 63 ከሆኑ በኋላ የሚለያቸው ነገር አይኖርም። ያለው መንገድ በጊት (የኮድን የቀድሞ ቅጂዎች በሚይዝ ፕሮግራም) ወይም በመጠባበቂያ የቀረ የቀድሞ ቅጂ ብቻ ነው፤ እኛ እሱም ስላልነበረን የግብር ስሌቱን ማብራሪያ ከኮዱ እያነበብን ከባዶ ጻፍነው።

«፡፡ እና ። አንድ ናቸው» የሚለውም ለዓይን እውነት ይመስላል። የመጀመሪያው የዩኒኮድ ቁጥሩ 4961 የሆነ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነው፤ ሁለተኛው 4962 የተባለ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ በተለያየ መንገድ የተጻፈን አንድ ምልክት ወደ አንድ የሚያመጣው የዩኒኮድ ማዋሐጃ ሕግም ሁለቱን አያገናኛቸውም። በዚህ የተነሣ አንዱን የሚፈልግ ሰው በሌላው የተጻፈውን አያገኝም። አሁን ኮድ ከመቀበላችን በፊት ጥንዱን ሁለት ነጥብ በአራት ነጥብ የሚተካ አጭር ስክሪፕት እናስኬዳለን።