ቫይረስ የአዋቂዎችን የሳንባ ምች እንዴት ያከብደዋል?

የሳንባ ምች ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ባክቴሪያን ነው። ቫይረስም ግን ቀላል ድርሻ የለውም። አሜሪካ ውስጥ በሳንባ ምች ሆስፒታል የተኙ አዋቂዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቫይረስ ያገኘው በ23 በመቶዎቹ ላይ ነው። ባክቴሪያ የተገኘው በ11 በመቶ፣ ሁለቱ አንድ ላይ የተገኙት ደግሞ በ3 በመቶ ነው።

ቁጥራቸው ቢያንስም በጣም የሚያሰጉት ሁለቱም አንድ ላይ የያዟቸው ናቸው። የአየር ቧንቧችን ውስጡ ደቃቅ ጸጉሮች አሉት። ሌት ተቀን እየተወዛወዙ አክታንና ቆሻሻን ወደ ላይ ይገፋሉ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ይህን ጸጉራም ሽፋን ይልጠዋል፤ ጠራጊ ይጠፋል። ባክቴሪያን የሚውጡት የሳንባ ተከላካይ ሕዋሳትም ለጊዜው ይዳከማሉ። ያኔ ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብሎ የኖረ ኒውሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ወርዶ ሳንባ ላይ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አብዛኛው ሰው የሞተው እንዲህ ተከትሎ በመጣ ባክቴሪያ ነው። አንቲባዮቲክ ያኔ አልነበረም።

በሽተኛው አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ምልክቱ ይታያል። አራት አምስት ቀን በትኩሳት የተኛ ሰው ይሻለዋል፣ ምግብ ይቀምሳል። ከዚያ ድንገት ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ አክታው ይለወጣል። እባካችሁ «ጉንፋኑ አገረሸ» ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ኮቪድ ጠባዩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ሳይጠብቅ ራሱ ሳንባውን ያቆስላል። በሽተኛው ብዙም ሳያለከልክ የደሙ ኦክስጅን ሊያሽቆለቁል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) በመተንፈሻ ማሽን የነበሩ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት በሲሶ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ግን አልጠቀመም። ለኢንፍሉዌንዛ የሳንባ ምች ደግሞ እንዲህ ያለ ስቴሮይድ በመደበኛነት አይመከርም። የኢንፍሉዌንዛው መድኃኒት ኦሰልታሚቪር ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሲጀመር ይጠቅማል። ስለዚህ የትኛው ቫይረስ እንደሆነ መመርመር ቅንጦት አይደለም።

ጉዳቱ ሳንባ ላይ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በተረጋገጠ በመጀመሪያው ሳምንት በድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት (ሃርት አታክ) የመያዝ አጋጣሚ ስድስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። የልብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ የሚመከረው ለዚህም ጭምር ነው።