«የስንት ሞዴል ናት?» ግን ሞዴል ምንድን ነው?

መኪና ልንገዛ ስንል ከዋጋው ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው «የስንት ሞዴል ናት?» ነው። ደላላው «የ2008» ይላል። እኛም በዚያ ዓመት የተሠራች መስሎን እናልፋለን። ሁሌ ግን እንደዚያ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የ2008 ሞዴል በ2007 ሴፕቴምበር ተሠርታ ልትሸጥ ትችላለች። ሞዴል የገበያ ስም ነው።

ነገሩ የተጠነሰሰው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ አሜሪካ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። ያኔ የገበያው ንጉሥ ሄንሪ ፎርድ ነበር። ሞዴል ቲ የምትባለው መኪናው ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። መልኳ ብዙም አይቀየር። ከ1914 እስከ 1925 ደግሞ ጥቁር ብቻ ነበረች። ፎርድ ቶሎ ቶሎ የሚነካው ዋጋዋን ነው። 1925 ላይ ርካሿ 260 ዶላር ወርዳለች።

ታዲያ መኪና መግዛት የሚችለው ሰው አብዛኛው ከገዛ በኋላስ? ያቺ ቲ እንደሆነች በቀላሉ አትሞትም! በ1923 የፎርድ ተቀናቃኝ የሆነው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የሆነው አልፍሬድ ስሎን መላ አገኘ። መኪናዋ ሳትበላሽ ባለቤቷን ማሰልቸት።

ሞተሩንና ሻንሲውን ብዙ ሳይነኩ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውን፣ ቀለሙን በየዓመቱ መቀያየር ተጀመረ። ዱኮ የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ ቀለም በ1923 ሲመጣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ቅብ በጣም አጠረ፤ የቀለም ምርጫም በዛ። በ1927 ኩባንያው መልክ ብቻ የሚነድፍ ክፍል አቋቁሞ ሃርሊ ኧርልን ሾመበት። ጎረቤት አዲሷን ሲያቆም የአምናዋ ታሳፍራለች። የድሮዋን አስረክቦ፣ ቀሪውን በየወሩ መክፈል ነው። ለዚህ የሚያበድረው የኩባንያው ክንፍ ከ1919 ጀምሮ ነበር። ተንኮል በሉት ብልሃት፣ ሠርቷል።

እልኸኛው ፎርድ በመጨረሻ እጅ ሰጠ። በሜይ 1927 ሞዴል ቲን አቁሞ፣ ፋብሪካውን ለወራት ዘግቶ፣ በዲሴምበር ሞዴል ኤን ይዞ ብቅ አለ። በዚያው ዓመት የጄኔራል ሞተርሷ ሼቭሮሌ በሽያጭ ቀደመችው።

ሂሳቡን የከፈለው ሠራተኛው ነው። ማሽኖቹ ለአዲሱ ሞዴል እስኪስተካከሉ ድረስ ብዙው ያለ ደመወዝ ቤቱ ይቀመጣል። ሥራውን በዓመቱ ላይ ለማዳረስ ተብሎ፣ አዲሶቹ ሞዴሎች የሚታዩበትና በጃንዋሪ ይካሄድ የነበረው ትልቁ የኒውዮርክ የመኪና ትርኢት በ1935 ወደ ኖቬምበር ተሳበ። የከርሞው ሞዴል ዓመቱ ሳይገባ የሚሸጥበት ልማድም በዚሁ ጸና።

ከ1981 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች መኪና ካጋጠመቻችሁ ባለ 17 ምልክቱን የሻንሲ ቁጥር ተመልከቱ። 10ኛው ሞዴሏን ይነግራችኋል፤ ለ2008 ሞዴል 8 ነው። በትክክል የተሠራችበት ወርና ዓመት ደግሞ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል።