ግራቭል ብስክሌት ምንድን ነው? ከአራት ኪሎ ወደ ባህር ዛፉ ጫካ

ግራቭል ማለት ጠጠር ነው። በብስክሌት ነጂዎች አፍ ግን ሰፋ ይላል። አስፋልት ያልለበሰ፣ መኪና ግን እንደምንም የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ግራቭል ነው። እኛ ፒስታ እንለዋለን፤ ሲብስበት ኮረኮንች። የጫካ መንገድ፣ ወንዝ ለወንዝ የሚሄድ የአፈር መንገድ፣ እህል የተጫነ አህያ የሚመላለስበት ጥርጊያ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። በእንዲህ ያለ መንገድ ረጅም ርቀት መንዳት ዛሬ ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኗል። ለሱ ተብሎ የሚሠራ ብስክሌትም አለ።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ብስክሌቱ ነው። አራት ኪሎ ማኪያቶ ልጠጣ ግድግዳ ላይ ሳስደግፈው አንዱ ጠጋ ብሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። «ይሄ የውድድር ነው ወይስ ማውንቴን?» ይለኛል። ሁለቱንም አይደለም። መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የተጠማዘዘ ነው። ጎማው ግን ወፍራም ነው። የአስፋልት ብስክሌት ጎማ ስፋቱ በአብዛኛው ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ የግራቭሉ ከ35 እስከ 50 ይደርሳል። ማውንቴን፣ የተራራው ብስክሌት፣ ከዚያም ይሰፋል፣ ከፊት ደግሞ አሞርዛተር አለው። የግራቭል ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ አሞርዛተር የለውም። ድንጋዩን የሚውጥለት ጎማው ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር ንፋሱ ነው። ቀጭን የአስፋልት ጎማ 80 እና 90 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ድረስ ይሞላል። ለ40 ሚሊ ሜትር የግራቭል ጎማ ከ30 እስከ 40 ይበቃዋል፤ እንደ ነጂው ክብደት ከፍና ዝቅ ይላል። ንፋስ በዝቶበት የደረቀ ጎማ እያንዳንዱ ጠጠር ላይ ይነጥራል። በነጠረ ቁጥር እናንተንም ብስክሌቱንም ወደ ላይ ያነሳል። ወደፊት ሊወስዳችሁ የሚገባው ጉልበት እዚያ ያልቃል። ለስለስ ያለ ጎማ ግን ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል፣ መሬቱንም በደንብ ይይዛል። ከመጠን በላይ ካለሰለሳችሁት ደግሞ ቸርኬው ድንጋይ ይመታና ከመነዳሪው፣ ማለትም የውስጡ ጎማ፣ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ለዚህ ነው ብዙ ነጂ ከመነዳሪውን ትቶ ጎማው ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚጨምረው።

ይህን የተማርኩት ወድቄ ነው። አንድ ጠዋት አንድ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብዬ ንፋስ አስሞላሁ። ልጁ እንደ ሞተር ሳይክል ጎማ እስኪደርቅ ሞላልኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። እንጦጦ ላይ ቁልቁል ስወርድ አንድ ኩርባ አገኘሁ። መሬቱ የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ለብሷል፣ ከስር ደግሞ ያቺ ጠንካራ ፍሬው አለች። ጎማው እንክብል ላይ እንደሚሄድ ተንሸራተተ። ክርኔ ተላጠ፣ ጉልበቴም አበጠ። ከዚያ ወዲህ ሽሮ ሜዳ ስደርስ ቆሜ፣ የጎማውን ቫልቭ በጥፍሬ ጫን እያልኩ ንፋስ አስተነፍሳለሁ። በአውራ ጣት ሲጫኑት በትንሹ እሺ የሚል ጎማ ልክ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። አዲስ አበባን ከላይ ብታዩዋት በእጅ ጣቶች የተመሰለች ከተማ ናት። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንተይቀጡ፣ ሁሉም ከሰሜኑ ተራራ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በስተመጨረሻ አቃቂን፣ ከዚያ አባ ሳሙኤልን፣ ከዚያም አዋሽን ያገኛሉ። ወንዞቹ ጎድጓዳ ሸለቆ ቆፍረዋል፤ በሸለቆዎቹ መካከል ደግሞ ረዣዥም ጀርባዎች ቀርተዋል። ለብስክሌት ነጂ ይህ ሁሉን ነገር ይወስናል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ከነዳችሁ ከውሃው ጋር ናችሁ፣ መንገዱ ይቀላል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከነዳችሁ ግን ሸለቆዎቹን አንድ በአንድ ታቋርጣላችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ ድልድዩን እንዳለፋችሁ ዳገቱ ይቀበላችኋል። በካርታ ላይ አጭር የሚመስል መንገድ ጉልበት የሚጨርሰው ለዚህ ነው። መንገድ ስትመርጡ ከኪሎ ሜትሩ በፊት ስንት ወንዝ እንደምትሻገሩ ቁጠሩ።

መሀል ከተማው ራሱ ግራቭል አይደለም። ዋናው አስፋልት ነው፣ ውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ የወንዝ ዳር ተጠርጎ መሄጃ ተሠርቶበታል፤ ለመዝናናት ጥሩ ነው፣ ግን ንጣፍ ነው። እውነተኛው ፒስታ የሚጀምረው ከላይ ነው። ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ፣ በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ እንጦጦ ማርያም ድረስ አስፋልት ነው፤ ዳገቱ ግን ልብ ያስወጣል። ከ2,400 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባህር ጠረፍ ላይ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀላሉን ማርሽ ይዞ፣ ወሬ ማውራት በሚያስችል ፍጥነት መውጣት ነው። ከአናቱ ወዲያ ጫካው ውስጥ የሚገቡ የአፈር መንገዶች አሉ። ባህር ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ተራራው ያኔ በማገዶ ቆረጣ ተራቁቶ ነበር።

በነዚህ መንገዶች ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም። የእንጨት ሸክም ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ ወገባቸውን አጉብጦታል፣ ቀና ብለው ሊያዩዋችሁ አይችሉም። ከሩቅ ፍሬን ያዙ፣ ውረዱ፣ ዳር ቁሙ። እኔ «እማማ፣ ይለፉ» እላለሁ። «ተባረክ ልጄ» ይሉኛል፣ ሳይቆሙ። መንገዱን የረገጡት፣ ያሳመሩትም እነሱ ናቸው። ደወል እያቃጨሉ በጎናቸው መሮጥ ነውር ነው።

ስለ አፈሩም አንድ ነገር ልበል። እንጦጦ ላይ ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። ወደ አቃቂ ስትወርዱ መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ይጀምራል። መረሬ ሲረጥብ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፣ በጎማውና በብስክሌቱ አካል መሀል ያለውን ክፍተት ይሞላና ቸርኬው መዞሩን ያቆማል። ብስክሌት ስትገዙ ያንን ክፍተት በጣታችሁ ለኩት። ክረምት ላይ መረሬ መሬት ድርሽ አትበሉ። ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው፤ አደይ አበባው ገና አለ፣ አቧራውም አልተነሳም። በጋው ሲጠነክር መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ይሸነሸናል። የመኪና ጎማ በልቅ ደረቅ አፈር ላይ እየነጠረ የሚሠራው ነው። እዚያ ላይ እጃችሁን አላሉ፣ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ በሉ፣ ጠርዝ ጠርዙን ፈልጉ።

በውድድር ደረጃ ስፖርቱ ወጣት ነው። በጣም የሚታወቀው የአሜሪካው ውድድር፣ ካንሳስ ውስጥ ኢምፖሪያ ከተማ ላይ የሚደረገው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ ዋናው ርቀት 200 ማይል፣ 322 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ2022 ጣልያን ቬኔቶ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም ማሳይ ማራ አካባቢ የራሷን ታካሂዳለች። የኛ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ስሙን ያተረፈው ግን በአስፋልት ነው። ከፍታውም ፒስታውም ደጃችን ላይ እያለ የግራቭል ጋላቢ የማናፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

ለመጀመር አዲስ ብስክሌት አያስፈልግም። ያላችሁ አሮጌ ማውንቴን ይበቃል፣ ጎማው ጥርሱ ካላለቀ። ፓምፕ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ኮፍያችሁ ደግሞ የብስክሌት ሄልሜት ይሁን። ከጓደኛ ጋር ሂዱ፣ በጠዋት ውጡ።

ስትመለሱ ብስክሌቱን ላቫጆ ወስዳችሁ በኃይለኛ ውሃ አታስመቱ። ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሱን ያጥባል፤ በወሩ መንጫጫት ይጀምራል። አንድ ባልዲ ውሃ፣ ትንሽ ኦሞ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ሰንሰለቱን አድርቁና ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበት።