የፒፓ ትምባሆ ቤት ውስጥ መቀየጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወንድሜ ከውጭ በመጣ ቁጥር ያልተቀየጠ የፒፓ ትምባሆ ያመጣልኛል፤ አራት አምስት ዓይነት፣ ለየብቻው። ባሕር ዳር ቤቴ ውስጥ እየመዘንኩ መቀየጥ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ብልቃጦቹን ያየ ሁሉ የሚመክረኝ አያጣም፤ ከምክሩ ብዙው ግን ስህተት ነው።

«ጥቁሩ ኃይለኛው ነው።» ይህን ያላለኝ ሰው የለም። ላታኪያ የሚባለው ትምባሆ ከሰል ይመስላል፤ ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ክፍሉን ይሞላል። ጥቁረቱ ግን የጭስ ነው። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሚበቅል ቅጠል ዝግ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ፣ መዓዛ ባለው እንጨት ጭስ ለረጅም ጊዜ ይታጠናል። እኛ የጠላ ጋን በወይራ እንደምናጥነው መሆኑ ነው። ኒኮቲኑ ሽታውን ያህል አይከብድም፤ በርሌይ የተባለው ቡናማ ትምባሆ ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል። በቀለም ብቻ የመረጠ ሰው በርሌዩን ሞልቶ ሲያጨስ ራሱን ያዞረዋል።

«ካቨንዲሽ የቅጠል ዝርያ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፤ ካቨንዲሽ አሠራር ነው። ቨርጂኒያ የተባለው ትምባሆ ወይም በርሌይ በእንፋሎትና በሙቀት ታሽቶ፣ ተጭኖ ሲለሰልስ ካቨንዲሽ ይባላል።

«ብዙ ዓይነት በገባበት ቁጥር ይጣፍጣል።» በርበሬ የምታዘጋጅ እናት እንኳ ኮረሪማውን በእፍኝ አትጨምርም። ፔሪክ የተባለው የሉዊዚያና ትምባሆ በርሜል ውስጥ ተጭኖ በራሱ ጭማቂ ለወራት የተብላላ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ከ100 ግራም 5 ግራሙ ቅይጡን ይለውጠዋል። እኔ የምጀምረው በሁለት ነው፦ 7 ግራም ቨርጂኒያ፣ 3 ግራም በርሌይ። ቨርጂኒያ ስኳር ይበዛበታል፣ ሲቸኩሉበት ምላስ ያቃጥላል፤ በርሌይ ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ያረጋጋዋል። ሦስተኛው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም አንድ ግራም ብቻ። ቁንጥር ደግሞ ሁለት ጊዜ እኩል ስለማይወጣ ትንሽ የወርቅ ሚዛንና ደብተር የግድ ናቸው። ዛሬ የተቀየጠው ዛሬ አይፈረድበትም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ሽታው ይዋሐድ።

«ማር ወይም አረቄ ጠብ አድርግበት፣ እርጥቡ ይሻላል።» ይህን ሰምቼ በሐምሌ አንድ ሙሉ ብልቃጥ አበላሽቻለሁ። ክረምት ላይ የጣና ዳር አየር ራሱ ርጥብ ነው፤ ቅጠሉ ከአየሩ ይጠጣል፣ ማር ሲጨመርበት ደግሞ ይሻግታል። የሻገተ ትምባሆ ይጣላል እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። በጣት ሲጫኑት ተጣብቆ ከቀረ ገና እርጥብ ነው፤ ቀስ ብሎ ከተከፈተ ደርሷል። በበጋ ደግሞ በተቃራኒው ቶሎ ይደርቃል፤ ክዳኑ ጎማ ያለው ብልቃጥ ያስፈልጋል።

«ቤት የቀየጥከው፣ ጭሱን የማትውጠው፣ አይጎዳም።» እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ይጎዳል። ቅጠል ሲነድ ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ማን ቀየጠው አይልም። ጭሱ ባይዋጥም የፒፓ ጭስ ኒኮቲን በአፍ ውስጥ ይገባል፤ የከንፈር፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰርም ያመጣል። የጋያ ውኃም ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራም። ለዚህ ነው ለማያጨስ ሰው «ሞክር» ብዬ የማላውቀው። እኔም የማጨሰው አልፎ አልፎ፣ ከቤት ውጭ ነው፤ ያ ግን ጉዳቱን አያጠፋውም።

ሕጉን የማያውቁም ብዙ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1112፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው፣ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ መሸጥንም ይከለክላል። የሐይቁ ዳር ካፌ አዳራሽም ከዚህ ውጭ አይደለም።

እርጥብ ቅጠል በእጅ ሲታሽ ኒኮቲን በቆዳ ይገባልና ጓንት አደርጋለሁ። ብልቃጦቹ ስማቸው ተጽፎባቸው ቁምሳጥኑ አናት ላይ ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ ሕፃን ልጅ ጥቂት ቅጠል ቢበላ ይመረዛል።