ዱርዬ፦ ትርጉሙና አጠቃቀሙ በመሃል አዲስ አበባ

ዱርዬ ሥርዓት ያጣ፣ ሰፈር የሚያውክ፣ ጠብ ፈላጊ ሰው የሚጠራበት ቃል ነው። ሥሩ «ዱር» ሲሆን ያልተገራ፣ ተቆጪ የሌለው የሚል ስሜት አለው። ሲበዛ «ዱርዬዎች»፣ ጠባዩ ደግሞ «ዱርዬነት» ይባላል። «ዱርየ» ብለው የሚጽፉም አሉ።

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ሰው ዱርዬ የሚባለው በወንጀሉ ሳይሆን በአዋዋሉ ነው። ከትምህርት ቤት ፎርፎ ፑል ቤት የሚውለው፣ መንገድ ዳር ቆሞ ሴት የሚለክፈው፣ ሒሳብ ሲጠየቅ ጠርሙስ የሚያነሳው ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። ወንጀሉ ከታወቀ ግን የየራሱ ስም አለው። ነጥቆ የሚሮጠው ቀማኛ፣ በጨለማ ከኋላ መጥቶ የሚጥለው ማጅራት መቺ፣ ተሰብስቦ የሚዘርፈው ወሮበላ ነው። ተሳፋሪ መስሎ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሰውን እያዋከቡ መስረቅ «ሿሿ» ይባላል። ፒያሳ አጠገብ ያለው «እሪ በከንቱ» ስሙን ያገኘው፣ እንደሚነገረው፣ እዚያ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው።

አራዳን ከዱርዬ ጋር መቀላቀል ስሕተት ነው። አራዳ በጊዮርጊስ አካባቢ ከነበረው የቀድሞ ገበያ የመጣ ስም ሲሆን ንቁና የከተማውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው፤ ተቃራኒው ፋራ ነው።

የቃሉ ክብደት እንደ ተናጋሪው ይለያያል። እናት «ዱርዬ ሆነህ ልትቀር ነው?» ስትል ማስጠንቀቋ ነው። «ልጁ ዱርዬ ወጣው» ከተባለ ግን ጎረቤቱ ተስፋ ቆርጧል። ጓደኛ ጓደኛውን እየሳቀ «አንተ ዱርዬ!» ቢለው ፍቅር ነው። ያንኑ ቃል ለማያውቁት ሰው መናገር አምባጓሮ ያስነሳል፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ስድብ በተበዳዩ አቤቱታ ያስቀጣል። ለሴት ሲነገር ስለ ረብሻዋ ሳይሆን ስለ ክብሯ ስለሚሆን በቀልድም መባል የለበትም።

በመንግሥት ቋንቋ ቅርቡ «ቦዘኔ» ነው። የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 በዚህ የተጠረጠረን ሰው ዋስትና ይከለክላል። ሥራ ፈትቶ ጥግ ላይ የቆመ ልጅና ስለት የያዘ ቀማኛ በአንድ ስም ሲጠሩ የሚጎዳው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ስያሜውን ከድርጊቱ መለየት ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ፖሊስ ጣቢያ «ዱርዬዎች አስቸገሩኝ» ብሎ ማመልከት እምብዛም አይረዳም፤ መርማሪው የሚይዘው ነገር የለውምና። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ስንት እንደነበሩ፣ የለበሱትን፣ ምን እንዳሉና ምን እንደወሰዱ፣ ያየ ሰው ካለም ማን እንደሆነ በቅደም ተከተል ማስመዝገብ ያስፈልጋል።